ፌስታል ውስጥ ያደረው መሪ

ባለፈው ሳምንት ስለ ታክሲ ኢንሹራንስ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየንና ዛሬ የራሴን ስም ላጥራ። እዚህ ሲያትል፣ እኔና እናንተ የምናዘወትራት ቡና ቤት ውስጥ፣ "እነ እገሌ ጋራዥ ዘግተው ሌሊት ሌሊት አረቄ ያወጣሉ" የሚል ወሬ ከከረመ ሰነባብቷል። ማስረጃውም ሙሉ ነው። ሌሊቱን ሲያጉረመርም የሚያድር ሞተር አለ። ከሞተሩ የሚወጣ ቱቦ አለ። በበሩ ሥር የሚወጣ ሽታ አለ። ጓንት አጥልቆ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ውስጥ የሚንጎዳጎድ ሰው አለ። ይባስ ብሎ ደጃፍ ላይ በርጩማ ስበው፣ ካፖርት ደርበው የተቀመጡ ዘበኛ የሚመስሉ ሽማግሌ አሉ። አንዱ ወዳጄማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ለፋሲካ አንድ ሁለት ጠርሙስ አታስቀርልንም?" አለኝ።

ሞተሩ እውነት ነው፤ ቱቦውም፣ ሽታውም፣ ሽማግሌውም እውነት ናቸው። አረቄው ብቻ ነው የሌለው። ስንሠራ የከረምነው የጀልባ መሪ ነው። መሪ ስላችሁ የመኪናውን እንዳይመስላችሁ፤ በጀልባ ኋላ በኩል ውኃ ውስጥ ገብቶ ወደ ቀኝ ወደ ግራ የሚያዞረውን ሰሌዳ ማለቴ ነው።

ሽማግሌውን ጋሼ ብያቸው ልለፍ፤ ጋዜጣ ላይ መውጣት አይወዱም። ጋሼ የባሕር ኃይል ሰው ነበሩ። ምጽዋ ላይ የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው ዕድሜያቸውን የጀመሩት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአሰብ ተነሥተው ወደ የመን ከተሻገሩት መርከቦች በአንዱ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አብዛኞቻችሁ በራሳችሁ እግር ስለሄዳችሁበት አልተርከውም። እዚህ ከመጡ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ መሐል ከተማ ምድር ቤት ውስጥ መኪና ማቆሚያ ላይ ቲኬት ሲቆርጡ ኖሩ። ባሕር ዙሪያውን በከበበው ከተማ ውስጥ ባሕር የማይታይበት ሥራ! ጡረታ እንደ ወጡ በነጋታው ጣውላና ኮምፔንሳቶ ገዝተው ጋራዣቸው ውስጥ አምስት ሜትር የምትሆን ባለ ሸራ ጀልባ መሥራት ጀመሩ። ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ሥራዬ መጀመሪያ ላይ ጣውላ መያዝና ቡና ማቅረብ ነበር።

ባለፈው መስከረም ከባላርድ የጀልባ መተላለፊያ ወጥተን፣ ሽልሾል የሚባለውን ወደብ አልፈን፣ ፒዩጀት ሳውንድ ላይ ሸራችንን ነፍተን ስንሄድ ከሰሜን የመጣ ነፋስ ጠነከረ። እኔ ነበርኩ መሪውን የያዝኩት። በድንገት እጄ ቀለለኝ። እጀታው እንደ ልቡ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ጀልባዋ ግን አትሰማም። ዞር ብል የመሪው ሰሌዳ ከመያዣው እንደ ወጣ ላይ ተቀንጥሶ፣ ቀሪው ከኋላችን እየተንሳፈፈ ይርቃል። የዚያ ባሕር ውኃ በበጋም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው፤ በፋራናይት ከ50 ብዙ ፈቅ አይልም። የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰናል፤ ቢሆንም እኔ ዋና የተማርኩት በሽምግልናዬ ነው። ጋሼ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሸራውን ግማሽ አወረዱና መቅዘፊያ አንሥተው ከኋላ ተከሉ። በመቅዘፊያ እየመሩ ሦስት ሰዓት ፈጅተው ወደብ አስገቡን። ጀልባዋን ካሰርን በኋላ ብቻ፣ "እኔ የሠራሁት መሪ ሰው ሊገድል ነበር" አሉ። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ወር ያህል ስለ ጀልባ አላወሩም። እኔም አላነሣሁባቸውም።

በኅዳር አንድ ማለዳ በሬን አንኳኩ። እጃቸው ላይ የተሰበረውን ጉማጅ ይዘዋል። "ና እይ፣ ኮምፔንሳቶ ነው ጥፋቱ" አሉኝ። እውነትም ኮምፔንሳቶ ስስ ስሱ እንጨት አንዱ በቁመት፣ አንዱ በአግድም እየተደረበ የተጣበቀ ነው። ለግድግዳና ለወለል ደግ ነው፤ ከአንድ ወገን ለሚጎብጥ ነገር ግን በአግድም ያለው ግማሽ እንጨት እምብዛም አያግዝም። በዚያ ላይ ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ውኃ ገብቶ ውስጡን አጥቁሮታል። መስበሪያው በዚያው በቀዳዳው በኩል ነው።

ወፍራም እንጨት ለምን አናደርግም አልኩ። እንዳይሆን የመሪው መያዣ ክፍተት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ቢወፍርም ውኃውን እየጎተተ ጀልባዋን ያዘገያታል። እንግዲህ ቀጭን ሆኖ የማይሰበር ነገር ይፈለጋል። ጋሼ ካርቦን ፋይበር አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና አስተያየቴን ልስጥ። ካርቦን ፋይበር የሚባለው ጥቁር ጨርቅ ዛሬ ለታይታ ሆኗል። ወጣቶቻችን የመኪናቸው መስታወት ጀርባ ላይ ይለጥፉታል፣ የስልክ ልባስ ያደርጉታል። ጀልባ የሚሠሩ ፈረንጆችም ምንም በማያስፈልግበት ቦታ አንድ ድርብ ደርበው በቫርኒሽ ያብለጨልጩታል። ለአብዛኛው የጀልባ አካል እንጨትና የብርጭቆ ፋይበር ይበቃል፤ ዋጋውም ለጡረተኛ ይስማማል። ካርቦን ዋጋውን የሚያወጣው እንደኛ መሪ ቀጭን መሆን ያለበት፣ ነገር ግን መጉበጥ የሌለበት ነገር ላይ ነው። አለንጋ ብታጎብጡ በውጭ በኩል ያለው ቆዳው ይሳባል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይጨማደዳል፣ መሐሉ እምብዛም አይሠራም። ስለዚህ ጠንካራውን ነገር በሁለቱ ቆዳ ላይ አድርጎ መሐሉን ቀላል እንጨት መሙላት ነው ብልሃቱ። እንጨቱ ሁለቱን ቆዳ አራርቆ ይይዛል፤ ጉልበቱን የሚሸከመው ካርቦኑ ነው። አየር መንገዳችን ከአፍሪካ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ከዚሁ ከጎረቤታችን ከኤቨረት የተረከበው ድሪምላይነር ክብደቱ ግማሽ ያህል ከዚሁ ዓይነት ነገር የተሠራ ነው። ልዩነቱ እነሱ እንደ ቤት የሚያክል ምድጃ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ያበስሉታል፣ እኛ ግን ፌስታልና አሮጌ የፍሪጅ ሞተር ነው ያለን።

እንጨቱ ቀይ ሴዳር ነው፤ እዚሁ አካባቢ የሚበቅል፣ ቀላልና ጥሩ መዓዛ ያለው። ጋሼ "ይሄ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ዝግባ የተባለው ዘመድ ነው" እያሉ ያሸቱታል፤ ዝምድናውን ለዕፀዋት ሊቃውንት ትቻለሁ። ጣውላውን በቀጭን በቀጭኑ ሰንጥቀው፣ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ እየገለበጡ በኮላ አጣበቁት። እየተገለበጠ ሲጣበቅ አንዱ ሊጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል። ከዚያ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት የዓሣ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ አስተካከሉት፤ ፊቱ ሞላ ያለ፣ ኋላው የሾለ።

አሁን ፌስታሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። ጨርቁ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ርሶ እንጨቱ ላይ ይነጠፋል። ሙጫው ሲበዛ ክብደት እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም፤ ሲያንስ ደግሞ ጨርቁ ይደርቃል። በዚያ ላይ የዓሣ ግንባር በመሰለው በክቡ ጠርዝ በኩል ጨርቁ አልተኛም ብሎ ይነሣል። ጡብ ብትጭኑበት፣ አሸዋ ብታፈሱበት ከላይ ብቻ ነው የሚጫነው። አየር ግን ከየአቅጣጫው ይጫናል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ሰው እያንዳንዷ የቆዳው ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ኪሎ አየር ተሸክሟል። የማንሰማው በውስጣችንም ያው ግፊት ስላለ ነው። አንድን ዕቃ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ የውስጡን አየር በፓምፕ ስትስቡት፣ የውጪው አየር ብቻውን ይቀርና ሙሉ ክብደቱን ይጥላል። የኛ መሪ 110 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው። ፓምፓችን ከሙሉው ቫኪዩም 80 በመቶ ያህል ይደርሳል። ቢሰላ በአንዱ ገጽ ላይ ብቻ ሁለት ቶን ተኩል የሚያልፍ ነው። የኔን ዓይነት ፕሪየስ ታክሲ ሁለቱን ያህላል። ሁለት ታክሲ በጓዳ ጣውላ ላይ ቆሞ ጣውላው ግን አይሰበርም፤ ከታችም ከጎንም እኩል ስለሚገፋው። ይህን ነገር ጋሼ ሲያስረዱኝ ለአንድ ሳምንት ያህል ተሳፋሪ በጫንኩ ቁጥር አየሩን ነበር የማስበው።

የመጀመሪያው ሙከራ በጥር ተደረገና ከሸፈ። ስሕተቱ የሁለታችንም ነው። ጉዦን የሚባሉ የሚሺጋን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት ስለ እንጨት ጀልባና ኢፖክሲ የሚናገር ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ጋሼ ራስጌ አለ። የሚያስፈልገውን ክፍል ያነበብነው ከከሸፈ በኋላ ነው። ጋራዡ በረዶ ስለነበር ማሞቂያ ለኩሰን ወዲያው ሥራ ጀመርን። እንጨት ስፖንጅ ማለት ነው፤ ውስጡ አየር አለ። ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ሲሄድ አየሩ ያብጥና በየቀዳዳው ይወጣል፤ በዚያ ላይ እኛ በፓምፕ እየሳብነው ነው! እንደ ሽሮ ወጥ ፈላብን። ሙጫ የበጠበጥንበት ኩባያም እንደዚሁ ጉድ ሠራን። ኢፖክሲ ሲጠነክር ራሱ ይሞቃል፤ ጥልቀት ባለው ዕቃ ተሰብስቦ ሲቆይ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይፋጠናል። እኛ ስንከራከር ኩባያው ጨሰ። በሩጫ ውጭ ወርውረን መጣን። ሽታው ያን ዕለት ነው ለጎረቤት የተሰማው።

በማግሥቱ ፌስታሉን ስንከፍተው ጨርቁ እዚህም እዚያም እንደ እንጀራ ዓይን አብጧል። ጋሼ ተናደው በቢላና በሞቃት አየር ማራገቢያ ላጡት፣ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። በባዶ እጃቸው፣ ያለ ጭንብል! ሙጫ እጃቸው ላይ ሲጣበቅ በአሴቶን ያጥቡታል። እኔ ጓንት ያድርጉ ስላቸው፣ "ሃያ ዓመት ናፍጣ ውስጥ እጄን ስነክር የኖርኩ ሰው ነኝ" ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን እጃቸው ቀላ፣ ከዚያ አበጠ፣ ከዚያ በጣቶቻቸው መሐል ቆዳው ይሰነጣጠቅ ጀመር። የዓይናቸው ቆብ ሳይቀር አብጦ አንድ ዓይናቸው ተደፈነ።

የቆዳ ሐኪሙ ዘንድ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ሐኪሙ የነገራቸው አጭር ነው። ሰውነታቸው ኢፖክሲን እንደ ጠላት ለይቶታል። እንዲህ ያለው አለርጂ አንዴ ከያዘ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ነው። ያልደረቀ ሙጫ ዳግመኛ ሊነኩ አይገባም፤ ትነቱም ቢሆን ሊያስነሣባቸው ይችላል። አሴቶኑ ደግሞ የቆዳውን ቅባት ገፎ ሙጫውን ወደ ውስጥ አስገብቶታል እንጂ አላጸዳውም። ጋሼ በጥሞና ሰሙና በእንግሊዝኛ "ሳንኪው" ብለው ወጡ። መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ ዝም። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እያዩ፣ "ከእንግዲህ እሷን መንካት አልችልም ማለት ነው" አሉ። ጀልባዋን ነው።

እኔ ሰው ሆኜ ማጽናናት አልችልበትም። "ጋሼ፣ ዝግጁ የሆነ መሪ ገዝተን እንግጠምላት" አልኩ። መልስ አልሰጡኝም። ከአውራ ጎዳናው ስንወጣ ሌላ ነገር አመለጠኝ። "ካልሆነም እጁ የኔ፣ አንደበቱ የእርስዎ ይሁን።" ቤታቸው ደጃፍ ስንደርስ በሩን ከመክፈታቸው በፊት፣ "ማክሰኞ ሥራ የለህም አይደል?" አሉኝ።

ወሬኞቻችን ዘበኛ ያሉት እንዲህ ነው የተፈጠረው። ጋሼ ከጋራዡ ውጭ፣ ነፋሱ ከኋላቸው ወደ ውስጥ በሚነፍስበት በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። እኔ ውስጥ ጓንት ድርብ አድርጌ፣ የማጣሪያ ጭንብል አጥልቄ እሠራለሁ። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ በሕይወቴ ከዚያ በፊት ያጣበቅሁት ነገር ቢኖር የልጄን የትምህርት ቤት ካርቶን ነው። ጋሼ ደግሞ ምጽዋ ላይ ያዙበት በነበረው ድምፅ ነው የሚያዙኝ። "አንተ ልጅ! ብሩሹን ወደ ቁመት!" እኔ የሃምሳ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነኝ።

በዚህኛው ጊዜ አልቸኮልንም። እንጨቱን አንድ ወር ቤት ውስጥ፣ ሙቀት ባለበት አድርቀነዋል። ከዚያ ጋራዡን ከጠዋት ጀምረን አሞቅነውና ከሰዓት በኋላ ማሞቂያውን አጥፍተን፣ ሙቀቱ እየወረደ ሳለ ባዶውን እንጨት ስስ ሙጫ ቀባሁት። እንጨቱ ሲቀዘቅዝ አየር በመትፋት ፈንታ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሙጫውን አብሮ ይጠጣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ያው በጥር ያጠፋን ነገር ተገልብጦ ሲሠራ ማለት ነው። ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ስለሚወጣ በውኃ አጠብኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት አሻከርኩት።

ከዋናው ቀን በፊት ደግሞ ደረቁን እንጨት ያለ ሙጫ ፌስታል ውስጥ አድርገን ፓምፑን ሌሊቱን አሳደርነው፤ ቀዳዳ ካለ ሙጫው ሳይበጠበጥ ይታወቅ ብለን። አረቄ የተባለው ጉርምርምታ የዚያ ሌሊትና የቀጣዩ ሌሊት ነው። ባለቤቴም ከመኝታ ቤታችን እየሰማች፣ "የምትጠብቀው ሕፃን ነው ወይስ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ዋናው ቀን በመጋቢት፣ ማክሰኞ ነበር። የካርቦኑን ጨርቅ ለአንድ ገጽ ሦስት፣ ለሁለቱ ስድስት አድርጌ ቆርጫለሁ። ገሚሱ ክሩ በቁመት ይሄዳል፣ ለመጉበጥ፤ ገሚሱ በአግድሞሽ ሰያፍ ነው፣ ለመጠምዘዝ። ጨርቁ ሁሉ አንድ ላይ 400 ግራም አልሞላም። የባለቤቴን የቂቤ ሚዛን ተውሼ ነው የመዘንኩት፤ የሙጫውም ክብደት ከጨርቁ ጋር እኩል እንዲሆን። የኛ ሙጫ አምስት እጅ ለአንድ እጅ ማጠንከሪያ ነው የሚቀላቀለው፤ በግምት የለም። እንደ ቡና ስኳር "ትንሽ ጨምር" ቢባል አንዱ ወገን ሳይደርቅ ይቀራል። ኩባያ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው የሚታገሠው፤ ስለዚህ እንደ በጠበጥኩ ጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ፕላስቲክ ላይ አፈሰስኩት፤ ስስ ሆኖ ሲዘረጋ ሙቀቱ ይበተናል፣ ጊዜ ይሰጣል።

የካርቦን ክፋቱ ጥቁር መሆኑ ነው። የብርጭቆ ፋይበር ሙጫ ሲጠግብ ብርጭቆ ይሆንና እንጨቱ ያሳያል፤ ያልጠገበው ቦታ ነጭ ሆኖ ይመሰክራል። ካርቦን ግን ጠግቦም ጥቁር፣ ተርቦም ጥቁር! በእጅ እየዳሰሱ፣ በመብራት አጋድመው ብልጭታውን እያዩ ነው። ከውጭ ጋሼ፣ "ባትሪውን ዝቅ አድርገህ በጎን አብራበት" ይሉኛል፤ እሱ ረዳኝ።

ከዚያ ድርብርቡ መጣ። በካርቦኑ ላይ ሲደርቅ ተልጦ የሚነሣ ናይሎን ጨርቅ። በዚያ ላይ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ስስ ፕላስቲክ፣ ትርፉ ሙጫ የሚያልፍበት። በዚያ ላይ ብርድ ልብስ የመሰለ ፎፎ፣ ትርፉን ሙጫ የሚጠጣና አየሩ ወደ ቱቦው የሚሄድበት መንገድ የሚሆን። ከዚያ ሁሉ በላይ ፌስታሉ። ጠርዙ ዙሪያውን እንደ ማስቲካ በሚያጣብቅ ጥቁር ጥብጣብ ይታሸጋል። ፌስታሉ ተወጥሮ ማዕዘን ላይ እንዳይቀር በየቦታው እጥፋት ይደረግለታል፤ ቀሚስ እንደ መስፋት ነው። ሁሉም ያለው ዝርግ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ተጣሞ ቢደርቅ ተጣሞ ይኖራልና።

ፓምፑን ለኮስኩ። ፌስታሉ ተሸበሸበ፣ ተጣበቀ፣ የመሪው ቅርጽ ወጣ። ደስ ሲል! ጌጁ ወደ 24 ወጣ። ጓንቴን ላወልቅ ስል ወደ 22 ወረደ። ከዚያ 20፣ ከዚያ 19።

"ምን ይላል?" አሉ ጋሼ ከውጭ።

"አሥራ ዘጠኝ።"

ተነሡ። በሩ ድረስ መጡና ቆሙ፤ አልገቡም። ሙጫው እየጠነከረ ነው፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ጨርቁ ከክቡ ጠርዝ ላይ ሊነሣ ነው። እኔ ዙሪያውን እየሮጥኩ ጥብጣቡን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፤ የትም ስለማላውቅ ሁሉንም ነው የምጫነው። ጋሼ፣ "ቁም! አትሩጥ። ፓምፑን አጥፋው" አሉኝ። ማጥፋት? "አጥፋው አልኩህ። ቧንቧውን ዝጋና አጥፋው።" ዘጋሁ፣ አጠፋሁ። ጋራዡ ጭር አለ። ያኔ ሰማነው፤ ቀጭን ፉጨት፣ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ። ከየት እንደሆነ ግን ለኔ ከየትም ነው የመሰለኝ። "የአትክልት ቱቦ ቁራጭ ግድግዳው ላይ አለ። አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን ጥብጣቡ ላይ አድርገህ ዙር። ቀስ ብለህ። እኛ በሞተር ክፍል የእንፋሎት ቀዳዳ የምንፈልገው እንዲህ ነው።"

እንደ ሐኪም ማዳመጫ እየጎተትኩ ዞርኩ። በአንደኛው ዙር ምንም። በሁለተኛው፣ ከግራው ማዕዘን ሦስተኛው እጥፋት አጠገብ ቱቦው በጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ጎንበስ ብዬ በባትሪ ባይ፣ አንዲት የካርቦን ክር፣ ከፀጉር የቀጠነች፣ በጥብጣቡ ላይ ተሻግራ ተኝታለች። አየሩ የሚገባው በሷ ጥግ ነው። ጥብጣቡን ገለጥ አድርጌ ክሯን በመቀስ ጫፍ አወጣሁና ከአዲስ ጥብጣብ ጋር ደፈንኩት። ፓምፑ ሲነሣ 24 ገባና ቆመ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከተበጠበጠ አርባ ደቂቃ አልፎት ነበር፤ ገና ለስላሳ ነው፣ ደርሰንበታል። ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። "ቡና አለ?" አሉኝ።

እስኪነጋ ተራ ገባን። ማለትም እሳቸው ነቅተው አደሩ፣ እኔ መኪና ውስጥ ተኛሁ።

ጠዋት ፌስታሉን ስቀድና ናይሎኑን ስልጥ ያለውን ድምፅ ሰምታችሁ ቢሆን! ከሥሩ የወጣው ጥቁር፣ ድርቅ ያለ፣ አንድም እብጠት የሌለበት ሰሌዳ ነው። ከአሮጌው አንድ ኪሎ ያህል ይቀላል። ጋሼ አልዳሰሱትም፤ ሙጫው ሙሉ ለሙሉ እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ይቆያል ብለው ቀን ቆጠሩ። በአሥራ አምስተኛው ቀን በጓንት ያዙት።

ብሎን የሚያልፍበትን ቦታ ሰፋ አድርጌ በሳሁት፣ በሙጫ ሞላሁት፣ ሲደርቅ መሐሉን በልኩ በሳሁት። እንዲህ ከሆነ ውኃ እንጨቱን አያገኘውም። መያዣው አልሙኒየም ስለሆነ በሚነካካበት ቦታ የብርጭቆ ፋይበር ጣልቃ አስገባንበት፤ ካርቦንና አልሙኒየም በጨው ውኃ ውስጥ ከተነካኩ አልሙኒየሙን ይበላዋል።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ጋሼ ሳይፈተን ወደ ባሕር አይገባም አሉ። የላይኛውን ጫፍ በሞርሳ ጠርቀን ቀሪውን 70 ሳንቲ ሜትር በአየር ላይ ተውነው። ክብደት ጠፋ። እኔ ቤት ሄጄ የአይዳሆ ጤፍ፣ ባለ 25 ፓውንዱን ከረጢት አመጣሁ። ጫፉ ላይ አንድ አንጠለጠልን፤ ምንም። ሁለት፤ ምንም። ባለቤቴ መጥታ፣ "ጤፌን ምን ልታደርጉት ነው?" ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሦስት። አራተኛውና አምስተኛው ከጎረቤት በብድር መጣ። በአምስቱ፣ ማለትም በ125 ፓውንድ፣ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ጎበጠ። ሲወርድለት ቀጥ አለ። ጋሼ ጆሯቸውን ሰሌዳው ላይ አስጠግተው ነበር፤ "አልተነፈሰም" አሉ።

ካርቦኑን ለማየት ለመጣችሁ ወዳጆች አዝናለሁ። ጥቁር ነገር ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ሙቀቱም ሙጫውን ያለሰልሳል ብለው ጋሼ ነጭ ቀለም አስቀቡኝ። አሁን ከማንኛውም የእንጨት መሪ አይለይም።

ባለፈው እሑድ ሽልሾልን አልፈን እዚያው ቦታ ደረስን፤ ነፋሱም የሰሜኑ ነው። መሪውን ጋሼ ያዙ። እጃቸው ድኗል፤ በጣቶቹ መሐል ግን ጠባሳው አለ። ጀልባዋ ስትፋጠን ከኋላ በኩል ቀጭን ዜማ ተሰማ፤ እጀታው በእጃቸው ውስጥ ይርገበገባል። እኔ ልቤ ድው አለ። ጋሼ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

"የኋላው ጠርዝ ወፍሯል" አሉ። "ማክሰኞ ሥራ የለህም አይደል?"

የታክሲ ኢንሹራንሱን ነገር ሳምንት እመለስበታለሁ። ቸር ሰንብቱ።